የመስተዋት ገንዳው በታመመ ጊዜ

(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ ስለ አንድ ትንሽ ነገር ልነግራችሁ ተነሥቻለሁ። ትንሽ ማለቴ ስለ መጠኑ ነው እንጂ ስለ ትምህርቱ አይደለም። ይኸውም በሳሎን ጥግ በጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው፥ ልጆች አፍንጫቸውን አስጠግተው የሚመለከቱት፥ ዓሦች የሚዋኙበት የመስተዋት ገንዳ ነው። ይህ ገንዳ በበሽታ ተመትቶ በውስጡ ያለው ሕይወት ባለቀ ጊዜ ባለቤቱ እንዴት መልሶ ሊያቋቁመው እንደሚችል፥ በእኔ ቤት ከደረሰው ነገር ተነሥቼ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ከእናንተ መካከል «የቤት ኪራይ፥ የትምህርት ቤት ክፍያና የትራንስፖርት ነገር እያሳሰበን ስለ ዓሣ ገንዳ መስማት ምን ይጠቅመናል?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔም እንደ እናንተ ማለዳ በሰርቪስ ወጥቼ ማታ የምመለስ፥ ደመወዜን ወሩ ሳያልቅ የምጨርስ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። ነገር ግን በመቶ ሃያ ሊትር ውሃ ውስጥ ያየሁት ነገር በመሥሪያ ቤትና በጎረቤት መካከል ከሚሆነው ነገር ጋር እጅግ ስለ ተመሳሰለብኝ፥ ለብቻዬ ይዤው መቀመጥ አልፈለግሁም።

ከሁሉ አስቀድሞ ስለ ነገሩ አመጣጥ ጥቂት ልበል። በቤት ውስጥ የውሃ እንስሳትን በመስተዋት ዕቃ ማኖር በሰፊው የተለመደው በእንግሊዝ አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1846 አና ታይን የሚባሉ እመቤት ቶርኪ ከሚባለው የባሕር ዳርቻ ሕያዋን ኮራሎችን ወደ ለንደን አምጥተው በቤታቸው ለማኖር ሞከሩ። ኮራል ሲያዩት ድንጋይ ይመስላል እንጂ እንስሳ ነው፤ ብዙው ዓይነት ከባሕር ውሃ ኖራ እየወሰደ ለራሱ ቤት የሚሠራ ጥቃቅን ፍጡር ነው። እመቤቲቱ ከባሕር እጅግ ርቀው ስለሚኖሩ ውሃውን በየጊዜው ለመለወጥ አልቻሉም። ስለዚህ የቤት ሠራተኛቸው በተከፈተ መስኮት ፊት ቆማ ውሃውን ከአንዱ ዕቃ ወደ ሌላው እየገለበጠች አየር እንዲገባበት ታደርግ ነበር። በዚህም ዘዴ ኮራሎቹ ለዓመታት በሕይወት ኖሩ። እ.ኤ.አ. በ1853 በለንደን የአራዊት ማሳያ ቦታ የዓሣ ቤት ለሕዝብ ተከፈተ፤ በሚከተለውም ዓመት ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ የተባሉት የተፈጥሮ ተመራማሪ ስለዚሁ ጉዳይ መጽሐፍ አሳተሙ። ከዚያም ወዲያ ነገሩ በዓለም ሁሉ ተሠራጨ። ይህችን ውሃ ገልባጭ ሠራተኛ አስታውሱልኝ፤ ኋላ በገርጂ እናገኛታለን።

የኮራል ገንዳ በከተማችን ማቆም ከባድ ሥራ ነው። የባሕር ውሃ በአንድ ሊትር ወደ 35 ግራም ገደማ ጨው ይዟል፤ ስለዚህ ለእኔ ገንዳ የሚሆን የባሕር ውሃ ለመሥራት ከአራት ኪሎ የሚበልጥ በልዩ የተቀመመ ጨው ያስፈልጋል። ብርቱ መብራትና የማያቋርጥ የውሃ እንቅስቃሴም ይፈልጋል። አገራችንም ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር በር ስለሌላት፥ የዳህላክን ደሴቶች ኮራል የምናውቀው ከመጽሐፍና ከሽማግሌዎች ጨዋታ ነው። ስለዚህ እኔ የያዝሁት የጣፋጭ ውሃ ገንዳ ሲሆን፥ በውስጡም ጉፒ የሚባሉትን ጅራተ ሰፊ ትንንሽ ዓሦች አኑሬ ነበር። የበሽታውና የማገገሚያው መሠረታዊ ሕግ ግን ለኮራሉም ለጉፒውም አንድ ነው።

እንግዲህ ወደ ታሪኬ ልግባ። ከሁለት ዓመት በፊት በኅዳር ወር መጨረሻ ላይ ነው። በገንዳዬ ውስጥ 16 ዓሦች ነበሩኝ፤ ሁሉም ጤነኞች ነበሩ። በአንድ ቅዳሜ ከአንድ ሻጭ 4 ዓሦች ገዝቼ በላስቲክ ከረጢት ይዤ መጣሁና በቀጥታ ከነባሮቹ ጋር ጨመርኋቸው። በዚያው ሳምንት መብራት በሌሊት ጠፋ፤ የውሃ ማሞቂያው ሥራ አቆመ፤ ቴርሞሜትሩም ከ25 ዲግሪ ወደ 17 ወረደ። ማግስቱን ደግሞ ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ቀን ስላልነበረ፥ ከሮቶው የቀዳሁትን ቀዝቃዛ ውሃ ሳላሞቅ ጨመርሁ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት ጥፋት ሠራሁ ማለት ነው፤ ነገር ግን በዚያ ጊዜ አንዱንም ጥፋት ነው ብዬ አላሰብሁም።

በሰባተኛው ቀን የሰባት ዓመት ልጄ ከገንዳው ፊት ቆማ «አባባ፥ ይሄ ዓሣ በረዶ ዘነበበት» አለችኝ። ቀረብ ብዬ ባየው በዓሣው ጅራትና ክንፍ ላይ እንደ ጨው ቅንጣት ያሉ ነጫጭ ነጥቦች ተበትነዋል። በሁለት ቀን ውስጥ በሌሎቹም ላይ ታየ፤ ሦስቱም ሞቱ። መድኃኒት ፈልጌ ጨመርሁ። በአምስተኛው ቀን ነጥቦቹ በሙሉ ጠፉ። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። «ተፈወሱ!» ብዬ መድኃኒቱን አቆምሁ።

በዚያ ደስታ መካከል አንድ ነገር አደረግሁ። በመሥሪያ ቤታችን መዝገብ ቤት የሚሠሩ፥ ጡረታቸው የተቃረበ፥ ሁላችንም ጋሼ እያልን የምናከብራቸው ሽማግሌ አሉ። እሳቸውም በኮተቤ በሚገኘው ቤታቸው ለልጅ ልጃቸው ትንሽ ገንዳ ገዝተውለት 6 ዓሦች ነበሩት። እኔም ሦስት ጉፒዎች በጠርሙስ አድርጌ ሰጠኋቸው። ቅዳሜ ነበር። ማክሰኞ ጧት ብነሣ በእኔ ገንዳ የቀሩት 14 ዓሦች በሙሉ ከመጀመሪያው ይልቅ እጅግ በበዛ ነጭ ነጥብ ተሸፍነው፥ አንዳንዶቹም ከውሃው ፊት ላይ አፋቸውን ከፍተው አየር ሲፈልጉ አገኘኋቸው።

እዚህ ላይ ታሪኩን ጥቂት ላቁመውና የበሽታውን ጠባይ ላስረዳ፤ ይህን ያላወቀ ሰው መፍትሔውን ሊያገኝ አይችልምና።

ይህ የነጭ ነጥብ በሽታ የሚመጣው ዓይን በቀላሉ ከማያየው አንድ ጥገኛ ተውሳክ ነው። ተውሳኩ በዓሣው ቆዳና ስንጥብ ሥር ገብቶ ሥጋውን እየበላ ያድጋል፤ ነጭ ነጥብ ሆኖ የምናየው ይህ ነው። ካደገ በኋላ ከዓሣው ላይ ወርዶ በገንዳው ወለል፥ በጠጠሩና በቅጠሉ ላይ ይጣበቅና ራሱን በሽፋን ይጠቀልላል። በዚያ ሽፋን ውስጥ ሆኖ ይከፋፈላል፤ አንዱ ተውሳክ ብዙ መቶ ልጆች ይሆናል። እነዚያም ሽፋኑን ቀደው በመውጣት ዓሣ ፍለጋ ይዋኛሉ፤ በሞቀ ውሃ ውስጥ በሁለት በሦስት ቀን ዓሣ ካላገኙ ይሞታሉ። ይህ ዙር ውሃው 25 ዲግሪ ገደማ ሲሆን በአንድ ሳምንት ውስጥ ይፈጸማል፤ ውሃው ሲቀዘቅዝ ግን ብዙ ሳምንት ሊወስድ ይችላል።

ዋናው ነገር ይህ ነው፤ መድኃኒት ተውሳኩን የሚገድለው በነፃ በሚዋኝበት ጊዜ ብቻ ነው። በዓሣው ቆዳ ሥርም ሆነ በሽፋኑ ውስጥ ሳለ አይደርስበትም። ስለዚህ ነጥቦቹ በጠፉ ጊዜ እኔ ፈውስ መሰለኝ እንጂ ጠላቴ ከግንባር ወርዶ ጦሩን በመቶ እጥፍ ሊያበዛ መሄዱ ነበር። መድኃኒቱን ያቆምሁት ጥቃቱ ሊጀመር ባለበት ሰዓት ነው። ለጋሼ የሰጠኋቸውም ሦስት ዓሦች የተፈወሱ መስለው በሽታውን በስንጥባቸው ይዘው የሄዱ ናቸው።

አሁን ደግሞ ይህ በሽታ በእኛ ከተማ ለምን እንደሚበረታ እንመልከት። ቦሌና አካባቢው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ያላነሰ ከፍታ አለው። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ በውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። በባሕር ዳርቻ 25 ዲግሪ የሞቀ ውሃ በአንድ ሊትር 8 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ፥ በእኛ ዘንድ ከስድስት ብዙም አይበልጥም። ስንጥቡ በተውሳክ ለቆሰለ ዓሣ ይህ ልዩነት የሕይወትና የሞት ልዩነት ነው። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ብርድ ሲታከልበት የዓሣው የመከላከል ኃይል ይደክማል።

የኦክስጅን ጉዳይ የቤት ገንዳ ብቻ ጉዳይ አይደለም። በቢሾፍቱ የእሳተ ገሞራ ሐይቆች የታችኛው ውሃ ኦክስጅን የለውም። በብርዱ ወራት የላይኛው ውሃ በሌሊት ሲቀዘቅዝ ይከብድና ወደ ታች ይወርዳል፤ የታችኛውም ወደ ላይ ወጥቶ ይደባለቃል። በዚህ ምክንያት ዓሦች በብዛት ሞተው ሊንሳፈፉ ይችላሉ። ባላገሩ ሰው መርዝ የተጨመረ ሊመስለው ይችላል፤ የገደላቸው ግን ትንፋሽ ማጣት ነው።

ሦስተኛው ነገር የቧንቧ ውሃችን ነው። ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች የሚመጣው ውሃ ለሰው ጤና ሲባል ክሎሪን ይጨመርበታል። ክሎሪን ለሰው የሚጠቅመውን ያህል የዓሣን ስንጥብ ያቃጥላል። በገንዳው ማጣሪያ ውስጥ የሚኖሩትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎችም ይገድላል። እነዚህ ባክቴሪያዎች የቤቱ የጽዳት ሠራተኞች ናቸው፤ ከዓሣው ቆሻሻ የሚወጣውን መርዛማ አሞኒያ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፥ ቀጥሎም እምብዛም ወደማይጎዳው ናይትሬት ይለውጡታል። እኔም በሁለተኛው ወረርሽኝ ጊዜ በድንጋጤ የማጣሪያውን ስፖንጅ አውጥቼ ከቧንቧ ሥር አጥብቄ አጠብሁት። ቆሻሻ አጸዳሁ ብዬ የጽዳት ሠራተኞቹን ፈጀሁ ማለት ነው። በማግስቱ ውሃው እንደ ወተት ደፈረሰ። ከ14ቱ ዓሦች 11 ሞቱ፤ ከዚህም ውስጥ በበሽታው የሞተው ስንት፥ በእኔ እጅ የሞተው ስንት እንደ ሆነ ዛሬም መለየት አልችልም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው በእኔ ላይ ደረሰ።

እንግዲህ ወደ ጋሼ ነገር ልመለስ። ማክሰኞ ጧት በሽታው እንደ ተመለሰ ባየሁ ጊዜ ወዲያው ለእሳቸው መንገር ይገባኝ ነበር። በቢሮ ኮሪደር አገኘኋቸው፤ ሰላም አልኋቸውና አለፍሁ። «ምናልባት የእሳቸው ደኅና ይሆናል» ብዬ ራሴን አታለልሁ። ረቡዕና ሐሙስም እንዲሁ ሆነ። እውነቱን ለመናገር የፈራሁት ዓሦቹ እንዳይሞቱ ሳይሆን ስሜ እንዳይጠፋ ነው።

ዓርብ ዕለት ሻይ ቤት አጠገባቸው ተቀምጬ ሳለ እሳቸው ራሳቸው ጀመሩት። «ዓሦቹ እያለቁ ነው፤ ያ ልጅ አብዝቶ እያበላቸው ነው የገደላቸው። ትላንት ተቆጥቼው እያለቀሰ ተኛ» አሉኝ።

ክቡራን አድማጮች፥ በዚያች ደቂቃ ምን እንደ ተሰማኝ መገመት አያቅታችሁም። በእኔ የሦስት ቀን ዝምታ ምክንያት አንድ ምንም ያላጠፋ ሕፃን ተወቅሶ አልቅሶ ተኝቷል። «ጋሼ፥ ልጁ አይደለም ያጠፋው፤ እኔ ነኝ። የሰጠኋችሁ ዓሦች በሽታ ነበረባቸው፤ ማክሰኞ ነው ያወቅሁት» አልኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው አዩኝና «ማክሰኞ ብትነግረኝ ኖሮ ልጁን ባልተቆጣሁት ነበር» አሉኝ። ስለ ዓሦቹ አንድም ቃል አልተናገሩም።

እሑድ ዕለት ኮተቤ ሄጄ ለልጁ ራሴ ነገርሁት። ጥፋቱ የእኔ እንደ ነበረ፥ እሱ ያበላበት መንገድ ትክክል እንደ ነበረ አስረዳሁት። ልጁ «እንግዲያው የቀሩት ሁለቱ ይድናሉ?» ብሎ ብቻ ጠየቀኝ። ከዘጠኙ የቀሩት ሁለት ነበሩ። «አብረን እንሞክራለን» አልሁት። እነሆ አሁን የምነግራችሁ የማገገሚያ ሥርዓት በሁለቱ ቤቶች በአንድ ጊዜ የሠራንበት ነው።

አንደኛው፥ ቆም ማለት ነው። በሽታ በገባበት ገንዳ አዲስ ዓሣ አይጨመርም፤ ከእሱም ለማንም አይሰጥም። የሞተው በየሰዓቱ ተለቅሞ ይወጣል፤ ካልወጣ ይበሰብስና አሞኒያውን ያበዛዋል። መረቡ፥ ባልዲውና ጎማው ለዚያ ገንዳ ብቻ ይለያሉ፤ ወደ ሌላ ገንዳ እርጥብ እጅ እንኳ አይገባም።

ሁለተኛው፥ ውሃውን ማስተካከል ነው። በየቀኑ ከገንዳው ሩብ ያህል ውሃ ከወለሉ እየተቀዳ ይወጣል፤ በዚህም ብዙ የተጠቀለለ ተውሳክ አብሮ ይወገዳል። የሚተካው ውሃ ክዳን በሌለው ሰፊ ዕቃ ቢያንስ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ቆሞ ክሎሪኑ የተነነለት፥ ሙቀቱም ከገንዳው ጋር የተስተካከለ መሆን አለበት። የጉድጓድ ውሃ የሚያገኙ ሰዎች ይህ ውሃ ብዙውን ጊዜ ማዕድን ስለሚበዛበት ጥቂት በጥቂት ያለማምዱ። የማጣሪያው ስፖንጅ ከገንዳው በወጣው ውሃ ብቻ በቀስታ ይጠመቃል፤ ከቧንቧ ሥር ፈጽሞ አይታጠብም።

ሦስተኛው፥ ሙቀትና ጨው ነው። ሙቀት ለሚወዱ እንደ ጉፒ ላሉ ዓሦች ውሃው በቀን ከሁለት ዲግሪ ባልበለጠ ጭማሪ እስከ 30 ዲግሪ ይደርሳል፤ በዚህ ሙቀት የተውሳኩ መራባት ይዳከማል። ነገር ግን የሞቀ ውሃ ኦክስጅን ያንሰዋልና፥ አየር የሚነፋው ሞተር ሳይጨመር ሙቀት መጨመር ዓሣውን በሌላ መንገድ መግደል ነው። ጨው በአንድ ሊትር 2 ግራም ይበቃል፤ ለመቶ ሃያ ሊትር 240 ግራም ማለት ነው። እሱም በአንድ ጊዜ ሳይሆን በሁለት ቀን ተከፍሎ፥ በውሃ ተሟሙቶ ይጨመራል። ጨው እንደማይተን አስታውሱ፤ 30 ሊትር ውሃ ሲለወጥ የሚተካው ጨው 60 ግራም ብቻ ነው እንጂ ሙሉው 240 አይደለም። ቅርፊት የሌላቸው ዓሦችና ብዙዎቹ የውሃ ተክሎች ጨው እንደማይወዱም ማወቅ ያስፈልጋል።

አራተኛውና ከሁሉም የሚከብደው ትዕግሥት ነው። የመጨረሻው ነጭ ነጥብ ከጠፋ በኋላ ሕክምናው ቢያንስ አንድ ሳምንት፥ ይልቁንም ሁለት ሳምንት ይቀጥላል። ዓይናችሁ «ድኗል» ሲላችሁ አትመኑት። ዓሦች በሙሉ ያለቁበት ገንዳ ከሆነ ደግሞ ሞቅ ብሎና አየር እየተነፋበት ሁለት ሳምንት ያለ ዓሣ ቢቆይ፥ ተውሳኩ የሚያርፍበት አጥቶ ይጠፋል። መረብና ጎማ በቀጭኑ በረኪና ተዘፍዝፈው፥ ሽታው እስኪጠፋ ታጥበው፥ በፀሐይ ይደርቃሉ።

በሕክምናው በአራተኛው ሌሊት፥ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ገደማ፥ በገርጂ መብራት ጠፋ። የአየር ሞተሩ ዝም አለ። የቀሩት ሦስት ዓሦች ወደ ውሃው ፊት ወጡ። በዚህን ጊዜ እነዚያን የለንደን እመቤትና ሠራተኛቸውን አሰብሁ። ገንዳውን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ፊቱን ብቻ ክፍት ተውሁና፥ በማንቆርቆሪያ ውሃውን እየቀዳሁ ከከፍታ መልሼ አፈስሰው ጀመር። ባለቤቴ ነቅታ ሻማ አበራችልኝ፤ ልጄም ተነሥታ ተራዋን ተቀበለች። ከሌሊቱ 10 ሰዓት መብራት እስኪመጣ ድረስ በሦስት ሰው ተፈራረቅን። ለኮተቤም ስልክ ደወልሁ፤ እዚያም መብራት ጠፍቶ ኖሮ ጋሼ ራሳቸው «እኛም ከነልጁ እየቀዳን ነው» አሉኝ። ሦስቱም ተረፉ። የኮተቤዎቹም ሁለት ተረፉ። ዛሬ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ሞተር አለኝ፤ ሆኖም ማንቆርቆሪያውን ከገንዳው አጠገብ አላነሣሁትም። ማጣሪያው ለብዙ ሰዓት ቆሞ እንደ ሆነ፥ መብራት ሲመጣ በገንዳው ውሃ ሳይለቀለቅ መልሳችሁ አታስነሡት፤ በውስጡ አየር አጥቶ የሞተው ሁሉ ወደ ገንዳው ይገባልና።

አምስተኛው፥ መልሶ ማቋቋም ነው። የሞተው ባክቴሪያ ተመልሶ እስኪበዛ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። በዚህ ጊዜ ዓሣ ጥቂት፥ ምግብም ጥቂት ይሁን። አዲስ የተገዛ ዓሣ ሁሉ በሌላ ትንሽ ዕቃ፥ በሌላ መረብ፥ አራት ሳምንት ለብቻው ይቆያል። ለዚህ ውድ ዕቃ አያስፈልግም፤ ንጹሕ ባልዲ፥ ማሞቂያና የአየር ሞተር ይበቃል። መቶ ዋት የሚፈጅ ማሞቂያ አሥር ሰዓት ሙሉ ቢሠራ የሚወስደው አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ብቻ ነው። እኔ አራት ሳምንት መታገሥ አቅቶኝ የጠፋብኝን ከዚህ ጋር ብታመዛዝኑት ርካሹ የቱ እንደ ሆነ ታያላችሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ገንዳው የሰለቸው ሰው ዓሣውንና ተክሉን ወደ ወንዝ ወይም ወደ ሐይቅ ወስዶ እንዳይጥል። እምቦጭ በዓለም የተሠራጨው በአበባው ውበት የተማረኩ ሰዎች ለኩሬ ማስጌጫ እያሉ ከአገር ወደ አገር ስለ ወሰዱት ነው። ወደ አገራችን ገብቶ እ.ኤ.አ. በ1965 በቆቃና በአዋሽ ታየ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ በጣና ላይ መስፈሩ ታወቀ። ጣና በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኙ የዓሣ ዘሮች ያሉበት ሐይቅ ነው። ለአንድ ሰው ጌጥ የነበረው ነገር ለባሕር ዳርና ለጎንደር ገበሬና ዓሣ አጥማጅ ምን እንዳመጣ ሁላችንም አይተናል።

በመጨረሻም ወደ ኮራል ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ በፍሎሪዳ፥ በማያሚ ከተማ አጠገብ፥ የኮራልን ሥጋ ከአጥንቱ የሚገፍፍ አዲስ በሽታ ተነሣ። ከ20 የሚበልጡ የኮራል ዓይነቶችን እያጠቃ ወደ ካሪቢያን ደሴቶች ተሻገረ። የሳይንስ ሰዎችም በሽታው ወዳልደረሰበት ቦታ ቀድመው በመሄድ ጤነኞቹን ኮራሎች ነቅለው ከባሕር ርቀው ወደሚገኙ የመስተዋት ገንዳዎች አሸሹአቸው። ዛሬ በእነዚያ ገንዳዎች ውስጥ ዘራቸው ይጠበቃል፤ ይራባልም። ጠላቂዎችም ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው ሲሄዱ መሣሪያቸውን በመድኃኒት እንዲያጥቡ ይመከራሉ። የሠሩት ሥራ ሁሉ ሲጠቃለል እኛ በገርጂና በኮተቤ ከሠራነው የተለየ አይደለም፤ የታመመውን መለየት፥ ጤነኛውን መጠበቅ፥ ዕቃን ማጽዳት፥ በሽታው የት እንደ ደረሰም ሳይደብቁ መናገር።

ከሁሉም የበለጠው ይህ የመጨረሻው ነው። አባቶቻችን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ያሉት ስለ ራሱ ስለ ታማሚው ነበር። እኔ ግን በሽታውን የደበቀ የጎረቤቱንም መድኃኒት እንደሚያስቀር ተማርሁ። በመሥሪያ ቤታችን አንድ ፋይል ሲጠፋ፥ አንድ ሒሳብ ሲሳሳት፥ ጥፋተኛው «ምናልባት አይታወቅ ይሆናል» ብሎ ሦስት ቀን ዝም ሲል፥ በዚያ ሦስት ቀን ውስጥ አንድ ምንም ያላጠፋ ሰው ተቆጥተውት እያለቀሰ የሚተኛ እንዳለ አስቡ።

ዛሬ በቤቴ ያሉት ዓሦች 12 ናቸው፤ ሁሉም ከእነዚያ ከተረፉት ሦስት የተወለዱ ናቸው። ባለፈው ዓመት የኮተቤው ልጅ ጥቂት ዓሦች እንድሰጠው ጠየቀኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ወዲያው ላቀብለው ስል፥ ልጁ ባልዲ አዘጋጅቶ ጠበቀኝና «መጀመሪያ አራት ሳምንት ለብቻቸው ይቆያሉ» አለኝ። አያቱ ከበስተኋላው ቆመው ፈገግ አሉ። እኔም «ትክክል ነህ» አልሁት።